ከሹመቱ በኋላ የሚጠይቅ ማነው?

«ሞግዚት» የሚለው ቃል በአገራችን ሁለት ኑሮ አለው። በከተማ ቤቶች ውስጥ ሕፃን የምታጥብ፣ የምታበላና የምታስተኛ ሴት ሞግዚት ትባላለች። በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ግን ሞግዚት ማለት አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ንብረት የሚያስተዳድርና በንብረት ጉዳይ ስለ ልጁ የሚቆም ሰው ነው። የልጁን ሰውነት፣ ማለትም አኗኗሩን፣ ጤናውንና ትምህርቱን የሚጠብቀው ደግሞ አሳዳሪ ይባላል። ሁለቱ ሥልጣኖች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ስለሚገቡ ሕዝቡ ልዩነታቸውን አይከታተልም። የግራና ገበሬ «የሞግዚት ወረቀት አወጣሁ» ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው። ውድ አንባቢ፣ አነጋገሩን ልብ ይሏል፤ «አደራ ተቀበልሁ» ሳይሆን «ወረቀት አወጣሁ» ነው የሚለው። የዛሬው ጽሑፌ በአደራውና በወረቀቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ፖለቲካ ሲባል ወንበርና ምርጫ፣ ፓርቲና ጦር ብቻ የሚታየን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ መንግሥት ከዜጋው ጋር በእውነት የሚተያየው ዜጋው ራሱን መከላከል በማይችልበት ጊዜ ይመስለኛል። ጉልበት ያለው ሰው ጠበቃ ያቆማል፣ ዘመድ ያንቀሳቅሳል፣ ሁሉም ካልሆነለት «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል። የስድስት ዓመት ወላጅ አልባ ልጅ፣ አእምሮዋ የታወከ ሴት፣ ልጆቹን እንኳ መለየት ያቃተው ሽማግሌ ግን አይጮኹም። ስለ እነርሱ መጮኽ ያለበት ሕጉ ነው፤ የሕጉ አንደበት ደግሞ ዳኛው ነው። ስለዚህም አንድ መንግሥት ምን ዓይነት መንግሥት እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከአደባባዩ ንግግር ይልቅ በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የተከመሩትን የሞግዚትነት መዝገቦች ቢያገላብጥ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ሞግዚትነት ለወሎ ሰው እንግዳ ታሪክ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም በደከሙ ጊዜ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ያደረጉት የልጅ ልጃቸውን፣ የወሎውን የራስ ሚካኤልን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን ነበር። ወራሹ ገና ልጅ ስለነበረ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ያንን ሹመት የሚጠብቀው መሐላና እርግማን ነበር፤ በአዋጁ ቃሉን የሚያፈርስ ሁሉ ተረግሟል። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን በቦታቸው ሌላ ሞግዚት አልተተካም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን እስከወረዱበት ዕለት ድረስ የሆነውን የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠያቂ የሌለው አደራ፣ እርግማን እንኳ ቢታከልበት፣ ለአልጋ ወራሽ አልበቃም። ለሀብሩ ወላጅ አልባ እንዴት ይበቃዋል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ጠያቂ በቤተ ዘመድ ጉባኤ መልክ ለማቆም ሞክሮ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ሞግዚቱን እንዲመክር፣ እንዲፈቅድለትና እንዲከለክለው ታስቦ ነው። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ከልጁ ውርስ ተጠቃሚ የሚሆነው ራሱ ዘመድ በሆነ ጊዜ ጠባቂውን የሚጠብቅ አይገኝም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79፣ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማናቸውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ደንግጓል።

እንግዲህ ሕጉ ሞግዚቱን ምን ያዘዋል? ሲሾም የልጁን ንብረት ቆጥሮ እንዲያስመዘግብ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሲፈልግ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላውን ልጅ በከባድ ጉዳዮች ላይ እንዲያማክር፣ በመጨረሻም ስላስተዳደረው ሀብት ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዘዋል። አደራውን የበላ ሞግዚት ሊሻር ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የሚወጣለት አይመስልም።

በተግባር የሚሆነውን ግን በችሎት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። አመልካቹ ከቀበሌ የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ ይቀርባል። ምስክሮች ይሰማሉ፤ ሟች መሞቱን፣ ልጆቹ የእርሱ መሆናቸውን፣ አመልካቹም አጎት ወይም አያት መሆኑን ይናገራሉ። ዳኛው ሞግዚትነቱን ያጸድቁና ትእዛዙ ሁላችንም በምናውቃት ዓረፍተ ነገር ይደመደማል፤ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ይህች ዓረፍተ ነገር ለብድር ክርክር ትስማማለች፤ ለድንበር ክርክርም ትስማማለች፤ ክርክሩ አልቋልና። ሞግዚትነት ግን የሚጀመረው መዝገቡ በተዘጋበት በዚያው ዕለት ነው! ልጁ ስምንት ዓመቱ ቢሆን ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ይቀረዋል፤ ፍርድ ቤቱ ያየው ግን የመጀመሪያዋን ዕለት ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ በሚቀርበው ሪፖርት ላይም ያ መዝገብ «ውሳኔ ያገኘ» ተብሎ ከሌሎቹ ጋር ይደመራል። ዳኛውን የሚለካው የዘጋው መዝገብ ብዛት በሆነበት አሠራር አንድን መዝገብ አሥር ዓመት ክፍት አድርጎ መያዝ ትጋት ሳይሆን ስንፍና ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ ክፍተት በአዲስ አበባና በግራና አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም። በከተማ የወላጅ አልባው ሀብት ብዙ ጊዜ ቤት ነው፤ ቤት ለመሸጥ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሞግዚቱ በግድም ቢሆን አንድ ቀን ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል። በገጠር ግን መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ ከልክሏል። ስለዚህ ያች ፈቃድ የምትባለዋ አጥር ለግራና ልጅ ብዙም አትከልለውም። የእርሱ ሀብት የሚበላው በሽያጭ ሳይሆን በምርት ነው። የአባቱ ማሳ ለእኩል ይሰጣል፤ ጤፉ ይወቃል፣ ሽንኩርቱ ወደ ወልዲያ ይጫናል፣ የልጁ ድርሻም ከአውድማው ላይ ሳይደርሰው ይቀራል። በቆቦና በግራና ሸለቆ መስኖ የገባላቸው ማሳዎች በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያመርቱ የሚበላውም በዚያው ልክ ይበዛል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው መሬቱ እንዳለ ይረከባል፤ አንድ ጥማድ አልጎደለም። የጎደለው አሥር ዓመት ሙሉ ሊማርበት፣ ሊለብስበትና ሊታከምበት ይገባ የነበረው እህል ነው። ይህንን ጉድለት የሚገልጥ አንድ መሣሪያ ብቻ አለ፤ እርሱም ሒሳብ ነው። ያልተጠየቀ ሒሳብ ደግሞ አይቀርብም።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሕጋዊ ሞግዚቶቻቸው አማካይነት በመሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ቁልፉ ቃል «ሕጋዊ ሞግዚት» ነው። የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቷን ያያል፤ ወረቀቷን የሰጠው ፍርድ ቤት ግን በዚያች ወረቀት ምን እንደተሠራ አያይም። የባንክ ደብተሩም፣ የጡረታ አበሉም በዚያችው ወረቀት ይከፈታሉ። አንዲት ወረቀት ብዙ በሮችን ትከፍታለች፤ የገባውን ሰው ምን ይዘህ ወጣህ የሚለው ግን የለም።

የአገራችን ሁኔታ ደግሞ ይህንን ነገር አክፍቶታል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያም መርሳም በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበሩ። ሰው ሞተ፤ የጤና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ። ከዚያ ቁስል ሳንድን በ2015 ዓ.ም. በክልሉ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ ወር መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጦርነት ወላጅ አልባ ያበዛል፤ ወላጅ አልባውን የሚጠብቀውን ተቋም ደግሞ ያዳክማል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚደርሱበት ልጅ ምን ይበጀዋል?

በሞት ያልተለዩ፣ ግን አጠገብ የሌሉ ወላጆችም አሉ። ከሀብሩና ከአካባቢው በጅቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የተጓዙትን የማያውቅ ቤት በእኛ አገር ጥቂት ነው። ልጆቹ ከአያት ጋር ይቀራሉ። በሕግ ዓይን አሳዳሪዋም ሞግዚቷም ጂዳ ያለችው እናት ናት፤ በኑሮ ግን ልጁን የምታበላውና የምታስታምመው አያቲቱ ናት። እናት ዝም ካለች፣ ስልኳም ከጠፋ፣ ያቺ አሮጊት ልጁን በአንድ መሥሪያ ቤት ፊት ልትወክልበት የምትችልበት አንዳች ነገር የላትም።

በቅርብ የማውቃት አንዲት አያት ነበሩ፤ በመንደራችን ሁሉም «እማማ» ይሏቸዋል። የሟች ልጃቸውን ሦስት ልጆች በደጃቸው አሳደጉ። ወረቀቱን ያወጣው ግን በሌላ ከተማ የሚኖር የልጆቹ አጎት ነበር። ማሳውን ለእኩል የሚሰጠው እርሱ፣ ድርሻውን የሚቀበለው እርሱ፣ ልጆቹን የሚያበሉት እማማ! ሄደው ይክሰሱት ብለን ብንመክራቸው የመለሱልኝን አልረሳውም። «የልጄ ወንድም እኮ ነው፤ ብከሰው እኔም እዳኛለሁ እንዴ?» አሉ። ሕጉ አቤት ላለ ሰው በሩን ከፍቷል፤ እማማ ግን አቤት የሚሉ ሰው አልነበሩም። ዘመድን መክሰስ በእኛ አገር ከመራብ የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው። አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ የሚነቃ ጥበቃ እንደ እማማ ያለውን ሰው አይደርስለትም። ፍርድ ቤቱ ራሱ በቀጠሮ ጠርቶ ቢጠይቅ ኖሮ ማንም ማንንም መክሰስ ባላስፈለገው፤ ቤተ ዘመዱም ባልተቀያየመ ነበር። ይህንን ነጥብ አንባቢ አደራ እንዲይዝልኝ እሻለሁ፤ የፍርድ ቤት ክትትል ዘመድን ከዘመድ የሚያጣላ አይደለም፤ እንዲያውም ከመጣላት የሚያድን ነው።

ፍርድ ቤቶቻችን ማየት ሲፈልጉ ማየት እንደሚችሉ የሚያስረዳ ውሳኔ አለን። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ከደቡብ ክልል የመጣ ጉዳይ ተመለከተ። እናት ሞታለች፤ ልጁን ያሳደገችው አክስት ናት፤ ለረጅም ጊዜ ከልጁ ሕይወት ርቆ የኖረው አባት ደግሞ አሳዳሪና ሞግዚት ልሁን ብሎ ቀረበ። የሕጉ ፊደል ለአባት ያደላል፤ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ ለተረፈው ነውና። የሥር ፍርድ ቤቶችም እንዲሁ ወሰኑ። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አንሥቶ፣ ከፊደሉ በላይ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ሰበር ሰሚው ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የክልል ፍርድ ቤቶችም ያስገድዳል። ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ውሳኔ ነው። ነገር ግን እርሱም ቢሆን የሹመት ውሳኔ ነው፤ ማን ይሾም የሚለውን መለሰ። የተሾመው ሰው በሁለተኛው፣ በአምስተኛው ዓመት ምን እያደረገ እንደሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ ገና መልስ ይጠብቃል።

ስለ ልጆች ይህን ያህል ካልን አዋቂ ሆነው ራሳቸውን ማስተዳደር ስለማይችሉት ደግሞ ጥቂት እንበል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 342 አስደናቂ ነገር ጽፏል። ነዋሪዎቹ ከ2,000 በሚያንሱበት ስፍራ አንድን ሰው ቤተሰቡ ወይም አብረውት ያሉት ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና ወዲያ ወዲህ እንዳይል የሚያግዱት ከሆነ፣ እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው ይላል። ሕግ አርቃቂዎቹ የገጠሩን ኑሮ አውቀውት ነበር ማለት ነው። ሐኪም በሌለበት መንደር የሰውን ሕመም የሚመሰክረው የታሰረበት ገመድ ነው! ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ከግራና ምን ያህል እንደሚርቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቅ አይደለም።

ያው ሕግ ግን ሌላም ነገር አዟል። አንድ ሰው በፍርድ እንዲከለከል፣ ማለትም ንብረቱን ራሱ እንዳያስተዳድር ተደርጎ ሞግዚት እንዲሾምበት ሲጠየቅ፣ ዳኛው ሰውየውን ሳያይ ሊወስን አይገባም። ሰውየው መቅረብ ካልቻለ ከዳኞቹ አንዱ ወይም ባለሙያ ሄዶ ይየው ይላል። «ሳታይ አትፍረድ» የሚለውን የአባቶች ምክር ሕጉ ሥርዓት አድርጎታል። የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ በአንድ ቃል አጠቃልል ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም፤ ሕጉ በሹመት ቀን የጠየቀውን ዓይን ከሹመት በኋላም እንክፈተው ነው የምለው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በአንቀጽ 12 ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ሰውን ከራሱ ጉዳይ ጨርሶ ከማስወጣት ይልቅ በሚችለው መጠን ራሱ እንዲወስን መደገፍ፣ የሚደረግለትም ጥበቃ በየጊዜው እንዲመረመር ይጠይቃል። የ1952ቱ ሕጋችን ከዚህ ጋር ገና አልታረቀም።

«ይህ ሁሉ የድህነት ጣጣ ነው፤ ሀብታም አገር ይህ የለም» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አይደለም። የአሜሪካዋ ድምፃዊት ብሪትኒ ስፒርስ ከ2008 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሞግዚት ሥር ነበረች፤ አባቷም ለአብዛኛው ጊዜ ከሞግዚቶቿ አንዱ ነበር። ዓለም በሙሉ የሚያያት፣ በመድረክ ሠርታ ሚሊዮኖች የምታስገባ ሴት ራሷ በፍርድ ቤት ቀርባ በይፋ እስክትናገር 13 ዓመት ፈጀ። ገንዘብ ብቻውን ዓይን አይሆንም። በሌላ በኩል ጀርመን በ1992 እ.ኤ.አ. አዋቂ ሰዎችን በፍርድ መከልከል የሚለውን ሥርዓት አስወግዳ በምትኩ የድጋፍ ሥርዓት ስታቆም፣ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ቢዘገይ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና እንዲመረመር በሕግ አሰረችው። ቀን የተቆረጠለት ትእዛዝ ራሱ ያስታውሳል፤ ቀን ያልተቆረጠለት ግን የሚያስታውሰው ባለ ጉዳይ ይፈልጋል፤ የእኛ ባለ ጉዳይ ደግሞ ሕፃን ነው።

ዳኞቻችን ጥቂቶች፣ መዝገቦቻቸው ብዙዎች፣ መንገዱም ሁልጊዜ የማያስኬድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የሞግዚትነት ትእዛዝ ሲሰጥ በ«መዝገቡ ተዘግቷል» ፈንታ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት። ምርት በተሰበሰበ ማግስት፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ሞግዚቱ ስንት ኩንታል እንደገባና ለልጁ ምን እንደዋለ በአንድ ገጽ ያቅርብ። ሁለተኛ፣ የትእዛዙ ግልባጭ ለመሬት አስተዳደርና ለቀበሌው ይድረስ፤ የልጁ ማሳ ለእኩል ሲሰጥም ውሉ ለፍርድ ቤቱ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ልጁ ሞግዚቱ በሌለበት ይጠየቅ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ማን እንደሚያበላው አሳምሮ ያውቃል። አራተኛ፣ ችሎቱ ወደ ሕዝቡ ይውጣ፤ ተዘዋዋሪ ችሎት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ዳኛው በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ዓይን የሚሆኑት ሞልተዋል። ቅሬው አለ፤ ማን ሞቶ ማንን ጥሎ እንደሄደ ከቅሬ የሚሰወር የለም። አባጋሮች አሉ፤ ደም የሚያደርቅ ሽምግልና ስለ አንድ ማሳ ምርት መጠየቅ አይሳነውም። በሀብሩ ብዙው ሰው ሙስሊም ነው፤ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የሞግዚትነት ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል፤ የየቲምን ገንዘብ መብላት በእስልምና ምን ያህል የከበደ ኃጢአት እንደሆነም ሕፃን ያውቀዋል። ክርስቲያኑም የሙት ልጅን በደል እንዲሁ ይፈራል። ይህ ሁሉ ፈሪሃ እግዚአብሔር ግን ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ጋር አልተገናኘም። የቅሬው ዳኛ የሚያውቀውን የወረዳው ዳኛ አይሰማውም፤ የወረዳው ዳኛ ያዘዘውንም የቅሬው ዳኛ አያውቀውም። ሁለቱን የምታገናኝ አንዲት ደብዳቤ ብዙ ልጅ ታድናለች።

አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። አደራ ጥብቅ የሚሆነው ግን ባለ አደራው አንድ ቀን እንደሚጠየቅ ሲያውቅ ነው። ፍርድ ቤት ሞግዚት ሲሾም አደራውን ለሌላ አስተላልፎ የሚገላገል አይምሰለው፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ራሱም ባለ አደራ ነው። ዛሬ በጦርነቱ አባቱን ያጣው ልጅ ነገ 18 ዓመት ይሞላዋል። ያን ጊዜ ስለ አገሩ የሚኖረው አስተያየት በሬዲዮ ከሰማው ንግግር ይልቅ በአባቱ ማሳ ላይ በተደረገው ነገር ይወሰናል። «ሲበሉኝ የጠየቀልኝ አልነበረም» የሚል ትውልድ ካሳደግን በኋላ ስለ ሕግ የበላይነት ብንሰብከው የሚሰማን አይመስለኝም።

ቸር ይግጠመን።